እንጨት ነክሼ የሰማሁበት ዘመን

ጆሮው የሚፈስበት ሰው፣ ወይም ጆሮዋ የሚፈስባት ልጅ በቤቱ ያለችው፣ ይህን ሳያነብ ዘይት እንዳያሞቅ እለምነዋለሁ። ዘይት ጠልቼ አይደለም። ዕድሜዬን ሰሊጥ ስጨምቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚያው ነው። ግን ያ የምወደው ዘይት ጆሮዬን ሊያጠፋው፣ ኋላም ራሴን ሊያጠፋኝ ትንሽ ነበር የቀረው። እንዴት እንደተረፍሁ ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጣሊያን መተማ በገባ በዓመቱ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከጭልጋ ወርጄ፣ ሚስት አግብቼ፣ ሐጂ ኢድሪስ በሚባሉ ነጋዴ መጭመቂያ ቤት እሠራ ነበር። መጭመቂያውን የዚያ አገር ሰው በዐረቦቹ ቃል አሳራ ይለዋል። ከግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ከባድ ዘነዘና ጋደል ብሎ ይገባበታል፤ ዘነዘናው ከረዥም አግዳሚ እንጨት ጋር ይያያዛል፤ አግዳሚውን ደግሞ ዓይኑ የተሸፈነ ግመል ዙሪያውን እየዞረ ይጎትተዋል። የእኛ ግመል አዝረቅ ይባል ነበር። ከእኔ ይልቅ ሥራውን የሚያውቅ፣ ከእኔም ይልቅ ኩሩ ግመል ነበር።

የአሳራ ሥራ በዓይን አይሠራም። ሙቀጫው ውስጥ ያለው አይታይም፤ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ሰሊጡ መጀመሪያ ሲገባ ይንኮሻኮሻል። ሲደርቅ ዘነዘናው ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሙቅ ውኃ ጠብ ይደረግለታል። ዘይቱ ሊወጣ ሲቃረብ ድምፁ ይወፍርና ጩቅ ጩቅ ማለት ይጀምራል። ያችን ጩቅታ ያሳለፈ ሰው ዘይቱን ያሳርራል፤ ባስ ካለም ሙቀጫውን ይሰነጥቃል። ሐጂ ለገበያተኛው ሁሉ “ገበየሁ ተኝቶም ይሰማል” እያሉ ይመኩብኝ ነበር። እኔም ሙገሳውን ወድጄው፣ ሰው ሲመጣ ሆነ ብዬ ዓይኔን ጨፈን አደርግ ነበር።

ጆሮዬ ግን ድሮም ጤነኛ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ከዳንሁ ወዲህ ሁለቱም ክረምት ክረምት ይፈሳሉ፣ በጋ ሲሆን ይደርቃሉ። ለምጄዋለሁ። በዚያ ዓመት አዝረቅን ላጥብ ወንዝ ገብቼ ራሴን ነከርሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኙ ጆሮዬ ጥቅምትም ገብቶ፣ ኅዳርም ገብቶ አልደርቅ አለ። መጀመሪያ ውኃ የገባብኝ መስሎኝ ራሴን አዘንብዬ በአንድ እግሬ ዘለልሁ። የሚወጣው ግን ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎም መሽተት ጀመረ።

እኛ ቤት የጆሮ መድኃኒት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። አማቴ እማማ ውብነሽ በመተማ ዙሪያ የታወቁ የጆሮ ዘይት ሰጪ ነበሩ። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጭማቂ መጀመሪያ የምትወጣው አንዲት ጭልፋ ዘይት አትሸጥም፣ ለጆሮ ትቀመጣለች። ሐጂም ይህን ያውቃሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሏቸው አያውቅም። አማቴ ያችን ዘይት ከነጭ ሽንኩርት ጋር ለብ ያደርጓትና በጥጥ ያንጠባጥባሉ፤ ከዚያ ጆሮውን በዚያው ጥጥ ይደፍኑታል። ከሽንፋ ድረስ ሰው ብልቃጥ እየያዘ ይመጣላቸው ነበር። ሐሰት አልናገርም፣ ብዙ ሰው ድኖበታል። ኋላ እንደገባኝ፣ የዳኑት ጆሯቸው በኩክ የተደፈነባቸው ነበሩ።

እኔንም ማታ ማታ መደቡ ላይ በጎኔ አጋድመው፣ እንደ ወለዱት ልጅ እያባበሉ ያንጠባጥቡልኝ ነበር። “ገበየሁ ልጀ፣ ታገሥ፤ እየለሰለሰልኽ ነው” ይሉኛል። እውነትም ሙቀቱ ደስ ይላል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሕመሙን ያስረሳል። በማግሥቱ መግሉ ይብሳል። መግሉ ሲብስ እኛ ዘይቱን እንጨምራለን። በማለዳ ጥጡን ሳወጣው የሚወጣው ሽታ ሚስቴን ብርቄን ፊቷን ያስዞራታል፤ እሷ ግን እንዳላሸተተች ሆና ቁርሴን ታቀርብልኛለች። እኔም እንዳላየኋት ሆኜ እበላለሁ።

በጥር ድምፅ ሁሉ ራቀብኝ። ሰው ሲያወራ ከግድግዳ ማዶ ያለ ይመስለኛል፤ ራሴ ውስጥ ደግሞ ቀንም ሌትም ጭው የሚል ነገር ተቀመጠ። ግራው ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ለሚጮኽልኝ ሰው ጥቂት ይሰማ ነበር። ብርቄ መጀመሪያ መጮኹን እንደ ጨዋታ ይዛው ሳቀችበት፤ እየሰነበተ ግን ደከማት። ልጆቹም አንድ ነገር ሲፈልጉ አልፈውኝ እናታቸውን መጠየቅ ለመዱ። ከሁሉም ይልቅ ይኸ ቆረጠኝ።

ስሙ የገነነ አንድ ባለመድኃኒት መጣና ጆሮዬ ውስጥ ትል እንደገባ ነገረን። ቅጠል አጢሶ ጢሱን በመቃ አስገባብኝ፤ ቀጥሎ ጆሮዬን አራግፎ መዳፉ ላይ አምስት ነጫጭ ትል አሳየን። እኔ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ብርቄ ግን ሰሊጥ ስታበጥር የኖረች ሴት ናት፤ አንዱን አንሥታ በጥፍሯ ሰነጠቀችው።

“ይኸማ ፍሬ ነው እንጅ ምን ትል ነው!” አለችው። “ትል መቼ እንዲህ ይሰነጠቃል?”

ሰውየው መቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ አለቀስሁ።

ትኩሳት ሲጀምረኝ ደግሞ ከጣሊያኖቹ ሰፈር ካለች ትንሽ ሕክምና ቤት ሄድሁ። ቆላ ነውና ያተኮሰው ሁሉ ወባ ነው። ኪኒን ሰጡኝ፤ መራራውን ኪኒን ለብዙ ቀን ዋጥሁ። የራሴ ጭው ማለት ወደ ጩኸት ተለወጠ። ያ ኪኒን ራሱ ጆሮን እንደሚያስጮኽ ማን ይንገረኝ? እነሱንም አልፈርድባቸውም፤ ጥጡን አውጥቶ ያሳያቸው የለም፤ እኔም አፍሬ በሻሼ ሸፍኜው ነበር።

የፈራሁት ነገር በየካቲት መጣ። አዝረቅ እየዞረ፣ እኔ አጠገቡ እየሄድሁ፣ ጩቅታዋ መጥታ ሄደች፤ አልሰማኋትም። ያወቅሁት ሐጂ ከሱቃቸው ሮጠው ወጥተው ግመሉን ሲያስቆሙት ነው። ሙቀጫው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቆ ነበር። ሐጂ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው በግራ ጆሮዬ ጮኹልኝ።

“ገበየሁ፣ አዲስ ሙቀጫ አስፈልፍላለሁ። አንተ ግን ካልሰማኽ፣ ወላሂ፣ ለመጪው ሰሊጥ ሌላ ሰው መያዜ ነው። ልጆች አሉኽ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።”

ሐቅ ነበር። መጭመቂያውን ካጣሁ የማውቀው ሌላ ሥራ የለም፤ ደንቆሮ እርሻ ጠባቂ እንኳ አይሆንም።

አዲሱ ሙቀጫ ተተክሎ ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ቀን ነው ያ ነገር የሆነው። ትኩሳቱ አድክሞኝ፣ ከግመሉ ኋላ እየሄድሁ፣ አገጬን አግዳሚው እንጨት ላይ አሳረፍሁ። ሰሊጡ ተንኮሻኮሸ! በራሴ ውስጥ፣ በግልጽ፣ እንደ ድሮዬ ተንኮሻኮሸ። ቀና ስል ጠፋ። ድጋሚ አገጬን ሳሳርፍ ተመለሰ። በግንባሬ ሞከርሁት፤ ይሰማል። በጥርሴ ነከስሁት፤ ያኔማ ዘነዘናው አፌ ውስጥ ያለ እስኪመስለኝ ድረስ ጮኸ። ዘይቱ ሲቃረብ ወፈረ፣ ቀጥሎ ጩቅ ጩቅ አለ። ግመሉን በጊዜው አቆምሁት፤ ዘይቱም እንደ ድሮው ጠራ ብሎ ወጣ።

ለማንም አልተናገርሁም። ሰው ሳይኖር እንጨቱን ነክሼ ከአዝረቅ ጋር እዞራለሁ፤ ሰው ሲመጣ አፌን ጠርጌ ቀና እላለሁ። ብርቄ ምሳ ይዛ መጥታ እስክታየኝ ድረስ ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርሁ። ስትቀርብ አልሰማኋትም። ሳያት ሰሐኑን ይዛ ቆማለች። መጥታ በግራ ጆሮዬ ጮኸች።

“አንተ ሰውየ፣ ምን እያደረግኽ ነው? ሁለት ግመል ነው እኮ ያየሁት!”

ልነግራት ሞከርሁ። እንጨቱን ስነክስ እሰማለሁ ስላት ጭራሽ አለቀሰች፤ ሕመሙ ወደ ራሴ የወጣ መሰላት። አማቴ ሲሰሙ ወደ ጠበል ይወሰድ አሉ። ሐጂ ሲሰሙ ግን ጢማቸውን አሻሹ። የወንድማቸው ልጅ ጆሮ ከድንበሩ ማዶ፣ ገዳሪፍ በሚገኝ ሕክምና ቤት እንደዳነ ያስታውሱ ነበር።

“የሚሰማ እንጨት አይቼ አላውቅም” አሉኝ። “የሚሰማው ያንተ ራስ ነው። እንግዲያው አልሞተም ማለት ነው።”

በዚያው ሳምንት ከቀኝ ጆሮዬ ጀርባ ያለው አጥንት አበጠና ጆሮዬን ወደ ፊት ገፋው። ስቆም መሬቱ ይዞርብኛል። ይህን የምታነብ ሰው ሆይ፣ ከሚፈስ ጆሮ ጀርባ እብጠት ካየህ፣ ወይም አፍህ ወደ አንድ ወገን ከዞረ፣ ወይም ምድር ካዞረህ፣ በዚያው ቀን ተነሥና ሂድ። እኔ ከመነሣቴ በፊት ሦስት ቀን አሳለፍሁ፤ ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ እሱ ዘንድ እስክደርስ ያለው ዕድሜ ከየት እንደተሰጠኝ እሱም አያውቅም።

ጣሊያኖቹ ድንበሩ ላይ ቆመው ወጪ ገቢውን ይጠይቁ ነበር። ሐጂ ግን ሰሊጥ ወደ ሱዳን የሚያሻግሩበት ፈቃድ ነበራቸው፤ እኔን የግመል ነጂ ብለው ወደ ገዳሪፍ አሻገሩኝ። ግመል ነጂው ግመሉ ላይ በገመድ ታስሮ፣ ራሱ እንደ ጭነት ተጭኖ ሲሻገር ያየ ዘብ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እጁን አወዛውዞ አሳለፈን። ብርቄ እኔም እሄዳለሁ ብላ ነበር፤ ልጆቹን ለማን ትተይ ብዬ አስቀረኋት። በሬያችንን ሸጣ ያገኘችውን ገንዘብ በመቀነቷ ቋጥራ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። እንደ ሄድሁ ከቀረሁ መቀነቷን እንዴት ትተካዋለች እያልሁ የአራቱን ቀን መንገድ ሙሉ ስለዚያ አሰብሁ። ሰው ሞት ሲቀርበው የሚያስበው ነገር ይገርማል።

ሕክምና ቤቱ ረዥም በረንዳ ነበረው። በሽተኛው በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ነጭ የለበሰ ሰው በር ላይ ብቅ ይልና ስም ይጠራል። ሐጂ ስሜን አስመዝግበውልኝ ወደ ገበያቸው ሄዱ። ተቀመጥሁ። ሰው ይነሣል፣ ይገባል። በማለዳ ነበር የመጣሁት፤ ቀትር ሆነ፣ ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ በሩ ተዘጋ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ስሜ ሲጠራ አልሰማም! ደንቆሮን ስሙን ጠርቶ ማስገባት፤ አስቡት እስኪ። የጠሪውን አፍ እንዳላይ ደግሞ ፊቱን ወደ መዝገቡ ደፍቶ ነው የሚጠራው። ሁለት ጊዜ ገበየሁ ያለ መስሎኝ ተነሥቼ የሌላ ሰው ተራ ላይ ገብቼ ተመልሻለሁ።

በሦስተኛው ቀን አጠገቤ አንዲት ሱዳናዊት ከታመመ ሕፃን ጋር ተቀምጣ ነበር። ሐሊማ ትባላለች። ስሜን በምልክት ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት፤ በዐረብኛ አፍ እየጎረበጣት ደጋግማ አለችው። ከዚያ ሕፃኗን ጡት እያጠባች፣ በአንድ ጆሮዋ ስሟን፣ በሌላው የእኔን ስትጠብቅ ዋለች። የእሷ ስም ቀድሞ ተጠራ። ሐኪሙን አሳይታ ስትወጣ መሄድ ትችል ነበር፤ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቀትር በኋላ ጉልበቴን በክርኗ ነካ አድርጋ በጣቷ በሩን አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ለእሷ በየዓመቱ ጸልያለሁ።

ሐኪሙ ከሶርያ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። ሻሼን ሲፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ እሱ ግን እንደ ብርቄ ፊቱን አላዞረም። ጥጡን አወጣ፤ ጥጡ ላይ ያለውን ቅባት በጣቶቹ መካከል አሸና ወደ ግራ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“ይኸ ምንድን ነው?”

“ዘይት ነው፤ የሰሊጥ” አልሁ በተሰባበረ ዐረብኛዬ። “ምርጡን ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣውን” ብዬም ጨመርሁ፤ የቤታችን ኩራት ነውና።

ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሁለት ጣት ያላት ብረት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ መታት። ጆሮዬ አጠገብ ያዛት፤ ምንም አልሰማሁም። መልሶ መታትና እግሯን ግንባሬ ላይ አቆማት። ብረቷ በራሴ ውስጥ ዘመረች። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

“እንጨቱ!” አልሁት። “እንደ እንጨቱ!”

ምን እንጨት እንደሆነ ጠየቀኝ። የአሳራውን ነገር፣ አገጬን፣ ጥርሴን፣ ሚስቴ ሁለት ግመል እንዳየች፣ ሁሉንም ነገርሁት። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪወጣ ሳቀ፤ ከዚያም ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። የጆሮ ታንቡር የምትባል ስስ ቆዳ አለች። ከእሷ በስተጀርባ ሦስት ትናንሽ አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ፤ አንዱ መዶሻ ይመስላል፣ አንዱ ቀጥቃጭ ብረት የሚመታበትን መስፍ፣ ሦስተኛው የፈረስ እርካብ። እርካቧ ከአንዲት የሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም። ድምፅ ታንቡሩን ሲመታው እነዚህ ሦስቱ እየተቀባበሉ ወደ ውስጥ ያደርሱታል። የእኔ ታንቡሮች ከልጅነቴ ጀምሮ ቀዳዳ ናቸው፤ በቀኙ መግሉ አጥንቶቹን እየበላቸው ነው። እንጨቱን ስነክስ ግን ድምፁ በበሩ ሳይሆን በግድግዳው፣ በራስ ቅሌ አጥንት በኩል ይገባል።

“የሚሰማው ክፍልኽ ደኅና ነው” አለኝ። “የተበላሸው መንገዱ ነው። ያ እንጨት ነው ያወቀልኽ።”

ስለ ዘይቱም ነገረኝ። ታንቡሩ ደኅና ሆኖ ኩክ ለደፈነው ሰው ዘይት ይረዳል። ታንቡሩ ለተቀደደበት ግን ዘይቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግሉን ያረጥበዋል፤ ጥጡም መውጫውን ይዘጋበታል። የሚፈስ ጆሮ የሚፈልገው መድረቅ ነው። እኔም ማታ ማታ መደቡ ላይ ተጋድሜ “እየለሰለሰልኽ ነው” ስባል ትዝ አለኝ።

አጥንቱ መከፈት አለበት አለ። ልትሞት ትችላለህ አለኝ፤ ፊትህን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት በዚያ ስለሚያልፍ አፍህ ሊጣመም ይችላል አለኝ፤ መስማትህም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል አለኝ። ካልተከፈተ ግን መግሉ ወደ አንጎል ይደርሳል። ሐጂ ከገበያቸው ተመልሰው አጠገቤ ነበሩ፤ ምን እንደምል አፌን አዩ። እሺ አልሁ።

በዚያች ሌሊት የፈራሁትን ያህል ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ፈርቼ አላውቅም። ለሚሰማ ሰው ጨለማ ጨለማ ብቻ ነው። ለደንቆሮ ግን ፋኖስ ሲጠፋ ዓለም ሁሉ ይጠፋል፤ የሰውም አፍ አይታይ፣ ድምፅም የለ። አስታማሚው ፋኖሱን ሊያጠፋ ሲል እጁን ያዝሁት። ገባው መሰለኝ፣ ክሩን ዝቅ አድርጎ ትቶልኝ ሄደ። እስኪነጋ ድረስ አልተኛሁም፤ ብርቄን፣ ልጆቹን፣ አዝረቅንም ሳይቀር በየተራ አሰብኋቸው።

በማግሥቱ ጨርቅ አፍንጫዬ ላይ አድርገው እየጣፈጠ የሚያስጠላ ሽታ አሸተቱኝና ራሴን ሳትሁ። ስነቃ ራሴ በሙሉ ተጠቅልሏል፤ ጉሮሮዬ ነዷል። ሐኪሙ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብሏል። በአፉ አንድ ነገር ይላል፤ አልገባኝም። ደግሞ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ ፈገግ ይላል። ይኸ ሰው በእኔ መከራ ይስቃል እንዴ ብዬ ተናደድሁ። ኋላ ሐጂ ከግራ በኩል ጮኹልኝ።

“ሳቅ ይልኻል! ሳቅ እንጅ!”

ሳቅሁ። አፌ በሁለቱም ወገን እኩል ሄደ። ዓይኖቼን ጨፈንሁ፤ ሁለቱም ተጨፈኑ። ሐኪሙ እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ሐጂ ዞር ብለው በኩታቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው።

ሕክምና ቤቱ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ተኛሁ። ቁስሉ ሲታጠብ ያማል፤ መፍዘዙም ቶሎ አልለቀቀኝም። ለግራው ጆሮዬ ቢላዋ አላስፈለገውም፤ በየቀኑ እየጠረጉ፣ ነጭ ዱቄት እየነፉበት አደረቁት። አንድ ቀን ሐኪሙ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ነገር አሳየኝ። መዶሻዬና መስፌ ነበሩ። መስፉ ጎኑ ተበልቶ፣ ነቀዝ እንደገባበት እህል ሆኗል። ሦስተኛዋን፣ እርካቧን፣ ደኅና ሆና ስላገኛት በቦታዋ ትቷታል። ቆዳው ሲድን በእሷ ላይ ያርፍ ይሆናል፤ ካረፈም ጥቂት ይሰማል አለኝ። ለመንሁትና ብልቃጡን ሰጠኝ።

ጥጥና ጨርቁ ሁሉ በተነሣበት ቀን በረንዳው ላይ ወጥቼ ተቀመጥሁ። ነጭ ለባሹ ብቅ አለና መዝገቡን እያየ ጠራ። የጠራው የሌላ ሰው ስም ነበር። ግን ስም መሆኑን ሰማሁ፤ ማንን እንደጠራም ለየሁ። የተጠራው አጠገቤ ያንቀላፉ አንድ ሽማግሌ ስለነበሩ ጉልበታቸውን በክርኔ ነካ አደረግሁና በሩን አሳየኋቸው።

መተማ ስመለስ ልጆቼ ሮጠው እግሬን ያዙ። አማቴ በራፉ ላይ ቆመው ነበር፤ በእጃቸው ያችን የታወቀች ብልቃጥ ይዘዋል። ለመምጣቴ አዲስ ያወጡት፣ ገና ለብ ያለ የጆሮ ዘይት ነው። ከገዳሪፍ እስከ መተማ ይህን ነገር እንዴት ብዬ እነግራቸዋለሁ ስል ነው የመጣሁት። የእኔን ብልቃጥ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። ፀሐይ ላይ አንሥተው ብዙ ተመለከቱት።

“ምንድን ነው ልጀ?”

“ከጆሮዬ የወጣ አጥንት ነው፣ እማማ።”

“ማን በላው?”

“መግሉ ነው።”

ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አስተዋይ ሴት ናቸው፤ ሊሸሽጓቸው አይቻልም። “ዘይቱሳ?” አሉኝ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። “መግሉን ዘይቱ አላመጣውም፣ እማማ። ግን እንዳይደርቅ አደረገው። ሐኪሙ የሚፈስ ጆሮ ዘይት አይገባበትም ብሏል። እርስዎ በፍቅር ነው ያደረጉት፤ እኔም እየለመንሁ ነው ያስደረግሁት።”

ሁለቱን ብልቃጦች ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። እስከ ብዙ ቀን ከእኔ ጋር ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። ተቀየሙኝ ብዬ አዘንሁ፤ ብርቄም መሀል ላይ ሆና ተጨነቀች። መጀመሪያ የምትወጣዋን ጭልፋ እንደ ልማዱ ቀድቼ ብልክላቸው፣ ማሰሮው ባዶውን ይመለሳል፤ ዘይቱ የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።

ሐጂ ቦታዬን ጠብቀውልኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አዝረቅን ጠምጄ፣ አፌን ከእንጨቱ አርቄ፣ ቀጥ ብዬ ሄድሁ። ሰሊጡ ተንኮሻኮሸ። ሩቅ ነው፣ ግን ይሰማል። ጩቅ ያለ ሲመስለኝ ሳላምን ጎንበስ ብዬ እንጨቱን ነከስሁት፤ እሱም ጩቅ ጩቅ አለኝ። ሁለቱ ተስማሙ። ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው “ሁለቱም ግመሎቼ ደኅና ናቸው!” ብለው ጮኹ። እንደ ድሮዬ አልሰማም፤ ገበያ ውስጥ ሰው ሲበዛ ይምታታብኛል፤ ውኃም ጆሮዬ እንዳይገባ እንደ ድመት እጠነቀቃለሁ። ግን ልጆቼ ጥያቄያቸውን ወደ እኔ ይዘው መምጣት ጀምረዋል።

ሰሊጡ በተሰበሰበ ሰሞን አንድ ቀን፣ መጭመቂያው ቤት ጎን ጀርባዬን ሰጥቼ ኮርቻውን ስጠግን፣ ከኋላዬ የማላውቃት ሴት ድምፅ ሰማሁ።

“እማማ ውብነሽን ፈልጌ ነው፤ ከሽንፋ ነው የመጣሁት። ልጄን ጆሮዋን አመማት፤ ይፈሳል። ያችን ዘይት ጠብ ያድርጉላት ብዬ ነው።”

“ዘይት የለም፣ ልጀ” አሉ ዘይት ሊወስዱ ማሰሮ ይዘው የመጡት አማቴ።

“ምነው እማማ፣ ያ ማሰሮ ሙሉ አይደል እንዴ?”

“እሱ ለወጥ ነው። ለሚፈስ ጆሮ የሚሆን ዘይት የለንም። ንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዠ እሰጥሻለሁ፤ በእሱ እያደረቅሽላት፣ ውኃ ሳታስገቢባት፣ ገዳሪፍ ይዘሻት ሂጅ። መንገዱን ይኸ ሰውየ ያሳይሻል።”

ሴትዮዋ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ መምጣቷን እያጉረመረመች ነበር። አማቴ ወደ እሷ ጠጋ ሲሉ የልብሳቸው ድምፅ ተሰማኝ። እኔ እንዳልሰማ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እኔ የገዛ ልጄን ጆሮ አጥፍቼ ነው የተማርሁት” አሏት።

ሰማሁት። ዞር አላልሁም፤ ኮርቻውን ይዤ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ።